ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ለሱቅና ለቤት የትኛው ኢንተርኔት ያዋጣል?

ኢንተርኔት ሊያስገባ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋ ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መታወቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ግን አሉ፦ በመስመሩ ምን ይሠራበታል? ቤቱ ከምን ተሠርቷል? መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ሰሜን ሸዋ ውስጥ የነዚህ መልስ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ደጋው ላይ የተቀመጠው ደብረ ብርሃን፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ያለው የደብረ ሲና ተዳፋት፣ ሙቀተኛው ሸዋ ሮቢት፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ የሆነው የመንዝ ቤት፣ እያንዳንዱ የራሱ ጣጣ አለው። ለአንዱ የሆነው ለሌላው ላይሆን ይችላል።

ሥራውን በሜጋባይት ይቁጠሩት

የመንዝ ባና ወይም የሸዋ ሮቢት ማሾ በስልክ የሚሸጥ ሰው በቀን 10 ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፈ እንበል። ቴሌግራም ፎቶውን አሳንሶ ስለሚልከው አንዱ ከ100 እስከ 200 ኪሎባይት ነው፤ አሥሩ ተደምሮ ከ2 ሜጋባይት አይበልጥም። በ720 ጥራት ተጨምቆ የተላከ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ15 እስከ 20 ሜጋባይት ይወስዳል። የግማሽ ሰዓት የኢንተርኔት የድምፅ ጥሪም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከደንበኛ ጋር መጻጻፉንና የባንክ መተግበሪያውን ጨምረው ቢደምሩት በቀን 100 ሜጋባይት፣ በወር 3 ጊጋባይት ግድም ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ይመልከቱ። በ1080 ጥራት አንድ ሰዓት ፊልም ማየት ብቻውን ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ በ480 ጥራት ከሆነ ወደ ግማሽ ጊጋባይት ይወርዳል። የወር ንግድ የሚበላውን ዳታ የአንድ ማታ ፊልም ይጨርሰዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ያልተገደበ መስመር ያስፈልገኛል» ሲሉ የሚያስፈልገው ለሱቁ ነው ወይስ ማታ ለሚሰበሰበው ቤተሰብ ብለው ይለዩ። ሁለቱን በአንድ ሂሳብ ማስላት ብዙ ሰው ያከስራል።

«ሜጋ» የምትለዋም ሁለት ፊት አላት። ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት፣ ፋይል የሚመዘነው በሜጋባይት ነው፤ 8 ቢት 1 ባይት ይሆናል። ባለ 4 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋባይት ስለሆነ 100 ሜጋባይት ፋይል ለማውረድ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። «አራት ሜጋ ብለው ሸጡልኝ፣ የማገኘው ግማሽ ሜጋ ነው» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የስልክ ሆትስፖት፦ ለጀማሪ ይበቃል

አንድ ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፣ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ሥራ ከሆነ ሌላ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ጉዳቱ ሦስት ነው። ስልኩ ይግላል፤ በተለይ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ ሆትስፖት የሚሰጥ ስልክ ባትሪው ያብጣል። ባለቤቱ ስልኩን ይዞ ሲወጣ የሱቁ ኢንተርኔትም አብሮት ይወጣል። ሦስተኛውና ውዱ ጉዳት ደግሞ ኮምፒውተሩ ሆትስፖቱን እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ቆጥሮ የዊንዶውስ ማሻሻያ ማውረድ መጀመሩ ነው። ትልቁ ማሻሻያ ብዙ ጊጋባይት ስለሚሆን የሳምንት ፓኬጅ በአንድ ጠዋት ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው፣ የተገናኙበትን ዋይፋይ ከፍተው «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩት።

ሲም የሚወስድ ራውተር

ከሦስት ሰው በላይ በሚጠቀምበት ሱቅ፣ ትንሽ ቢሮ ወይም ቤት ውስጥ፣ ቋሚ መስመር ባልደረሰበት ከተማ፣ ይህ ከሁሉም ይሻላል። ሁለት ዓይነት አለው። በኪስ የሚያዘው ባለ ባትሪ ነው፤ ገበያ ለሚዞር ነጋዴ ጥሩ ሲሆን አንቴናው ትንሽ ስለሆነ ሲግናል ደካማ በሆነበት ቦታ ይሸነፋል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ባትሪ የለውም፤ አንቴናው ግን ይበልጣል፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያም አለው። ሲገዙ ለማንኛውም ሲም ክፍት መሆኑን የራስዎን ሲም አስገብተው እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት። ውጭ አገር ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ ተቆልፎ የተሸጠ ራውተር እዚህ ገበያ ውስጥ ይገባል፤ መብራቱ ይበራል፣ ኢንተርኔት ግን አይሰጥም።

የማንን ሲም ላስገባ ለሚለው ጥያቄ በወሬ መልስ አይሰጥም። ከ2015 መስከረም ጀምሮ ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን አገልግሎት መስጠት ስለጀመረ ምርጫው ሁለት ሆኗል፤ ሽፋኑ ግን በከተማ ብቻ ሳይሆን በቀበሌና በመንደር ይለያያል። ራውተር ከመግዛትዎ በፊት የሁለቱንም ሲም ስልክዎ ውስጥ አስገብተው ራውተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቆመው ይለኩ። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ሥር፣ የሲም ሁኔታ ውስጥ የሲግናል ጥንካሬ በኔጌቲቭ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ለ4ጂ ከ-90 ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ-90 እስከ -105 ያሠራል። ከ-110 በታች ከሆነ ራውተር መቀየር ብቻውን አያድንም፣ ቦታ መቀየር ያስፈልጋል። ፍጥነቱን ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ይሞክሩ፦ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ማታ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ የኔትወርክ ማማው ተጨናንቋል ማለት ነውና አንቴና መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የሌላኛውን ድርጅት ሲም መሞከሩ ይሻላል።

ተዳፋት ላይ ወይም ገደል ሥር ያለ ቤት የተለየ ነገር ይፈልጋል። የ4ጂ ሞገድ ተራራ አይበሳም፤ ማማው ካልታየ ቁጥሩ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ውጭ አንቴና ተክሎ በቀጭን የአንቴና ገመድ ቤት ውስጥ ወዳለው ራውተር ያወርዳል። ችግሩ ቀጭኑ ገመድ 5 ሜትር ላይ ብቻ ከሲግናሉ ግማሽ ያህሉን ሊበላ መቻሉ ነው፤ ከላይ የተገኘው እታች ሳይደርስ ያልቃል። የሚሻለው ተቃራኒው ነው። ራውተሩን ራሱን ፎቅ ወይም ማማው በሚታይበት መስኮት ላይ ያስቀምጡና ወደ ታች የኔትወርክ ገመድ ይዘርጉ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት አይቀንስም። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ ውስጥ መደበቅ ግን አይሆንም፦ ቆርቆሮው ሲግናል ይመልሳል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ አብዛኛው ራውተር ከሚችለው 40 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ያኔ ራውተሩ ከሰዓት በኋላ ራሱን እያጠፋ ይነሳል።

ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ኔትወርክ ይጠፋል የሚባለውን ነገር ጉሙ አያመጣውም። የሞባይል ሞገድ ጉምን ያልፈዋል። ማማን ከማማ የሚያገናኘው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው የማይክሮዌቭ መስመር ግን በኃይለኛ ዝናብ ይዳከማል፤ አለዚያም የማማው መብራት ጠፍቶ ባትሪው አልቋል። በሁለቱም እርስዎ ቤት ውስጥ የሚያስተካክሉት ነገር የለም፤ ስለዚህ ራውተሩን ከፍተው ቅንብሩን አይነካኩ።

ቋሚ መስመር፦ መዳብ ወይስ ፋይበር?

ፋይበር፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው የመስታወት ገመድ፣ ደጅዎ ከደረሰ ክርክር የለውም፣ ፋይበር ያስገቡ። ያልደረሰ ከሆነ ግን «ቋሚ መስመር ሁልጊዜ ከሲም ይሻላል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም።

የመዳቡ የስልክ ሽቦ ፍጥነት የሚወሰነው ከማከፋፈያው ባለው ርቀት ነው፤ ርቀቱም ሽቦው ዞሮ የሚመጣበት እንጂ በቀጥታ የሚታየው አይደለም። አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሆነ ጥሩ ይሠራል፤ 3 እና 4 ኪሎ ሜትር ሲሆን ይደክማል፤ ከ5 በላይ ባያስገቡት ይሻላል። ለነጋዴ ግን ከማውረጃው ይልቅ የመላኪያው ፍጥነት ነው የሚጎዳው። በዚህ መስመር የመላኪያ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜጋቢት አያልፍም። 100 ሜጋባይት ቪዲዮ በ0.8 ሜጋቢት ለመላክ 17 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ 10 ሜጋቢት በሚልክ 4ጂ ደግሞ 80 ሰከንድ። ቪዲዮ እየቀረጸ የሚሸጥ ሰው መዳብ አስገብቶ የሚቆጨው ለዚህ ነው። ፊልም ለሚያይ፣ ለሚያነብና ለሚያወርድ ቤተሰብ ግን በወር ቋሚ ክፍያ ያልተገደበ መዳብ አሁንም ጥሩ ነው።

መዳብ ገብቶ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ ማጣሪያው፣ ማለትም ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚለየው ትንሽ ሳጥን፣ የለም ወይም ተገልብጦ ተሰክቷል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚቋረጥ ከሆነ ውጭ ያለው መገጣጠሚያ ውሃ ገብቶበታል፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው ጥገና ሲጠይቁ «በዝናብ ጊዜ ብቻ» ብለው ይንገሯቸው፣ ባለሙያው ፀሐይ ላይ መጥቶ «ይሠራል» ብሎ እንዳይመለስ። በክረምት መብረቅ ሲበረታ ሽቦውንም የመብራት ሶኬቱንም ይንቀሉ። መዳብ ኤሌክትሪክ ይዞ ይገባል፤ ፋይበር መስታወት ስለሆነ መብረቅ አያስተላልፍም።

የፋይበር ጠላት መታጠፍ ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ክብ ከተጠቀለለ ብርሃኑ ያፈስሳል። በር መሃል አሳልፎ መዝጋት፣ በሚስማር ቆልምሞ መምታት፣ ከሶፋ ጀርባ መጠቅጠቅ፣ ሁሉም ያው ነው። ፋይበሩ የሚሰካበት ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው፤ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት አይጠቅምም፣ ገመዱን ይፈትሹ፣ ከዚያ ይደውሉ።

መብራት ሲጠፋ የትኛው ይሠራል?

አብዛኛው ሰው ሲያወዳድር የሚረሳው ይህንን ነው። ፋይበር ከማከፋፈያው እስከ ቤትዎ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ የለውም፤ ስለዚህ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ጠፍቶ የእርስዎ ሳጥንና ራውተር ብቻ ባትሪ ካላቸው ይሠራል። 4ጂ የሚሠራው የማማው ባትሪ ወይም ጄኔሬተር እስካለ ነው። መዳብ ደግሞ መንገድ ዳር ባለው ሳጥን በኩል የሚያልፍ ከሆነ ከሳጥኑ ጋር አብሮ ይወድቃል።

ለራውተር ትልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) አይግዙ። የኮምፒውተር ዩፒኤስ 12 ቮልቱን ወደ 220 ቀይሮ፣ አዳፕተሩ ደግሞ መልሶ ወደ 12 ሲያወርደው ብዙ ኃይል በመንገድ ይባክናል። ቀጥታ 12 ቮልት የሚሰጠው ሚኒ ዩፒኤስ ይሻላል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን በጥንቃቄ ያንብቡ፦ «10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት» የሚለው በ3.7 ቮልት ሂሳብ ነው። ይህ 10 አምፒር ሰዓት ስለሆነ በ3.7 ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በመቀየር ከሚባክነው በኋላ 31 ያህል ይቀራል። 8 ዋት የሚወስድ ራውተር በዚህ 4 ሰዓት ገደማ ይቆያል። የፋይበር ሳጥን 6 ዋት ተጨምሮ በድምሩ 14 ዋት ከሆነ ወደ 2 ሰዓት ይወርዳል። አንዳንዱ ራውተር 9 ቮልት፣ ሌላው 12 ቮልት ነው፤ መሰኪያው ስለገባ ብቻ አይሰኩት፣ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ይመልከቱ። ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ስለሚወርድ ባትሪውን በረንዳ ላይ አያስቀምጡ። የሊድ ባትሪ ዜሮ ዲግሪ ላይ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ሊቲየም ደግሞ ከዜሮ በታች ሲሞላ ይበላሻል።

ቤት ውስጥ፦ ገመድ ወይስ ዋይፋይ?

መስመሩ ጥሩ ሆኖ ጓዳ ውስጥ የማይደርስ ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም። ባለ 5 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ ፈጣን ነው፤ አንድ የመንዝ ድንጋይ ግድግዳ ግን ያስቆመዋል። ባለ 2.4 ቀርፋፋ ቢሆንም የተሻለ ይሻገራል። በ2.4 ላይ ከ1፣ 6 እና 11 ቻናሎች አንዱን ይምረጡ፤ ሌላው ቁጥር ከጎረቤት ጋር ይደራረባል። ራውተሩ ከፍሪጅ፣ ከትልቅ መስታወትና ከውሃ ሮቶ ይራቅ፣ ከወለሉ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍ ይበል። ተደጋጋሚ የሚባለው ማራዘሚያ ርካሽ ነው፤ ግን ያንኑ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን ግማሽ ያደርገዋል። ሁለት ክፍል ለማገናኘት ገመድ ዘርግቶ ጫፉ ላይ ሌላ ራውተር ማስቀመጥ ይሻላል።

ገመዱ «ካት 5 ኢ» የሚል፣ ሙሉ መዳብ ይሁን። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ገበያውን ሞልቶታል፤ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በቢላ ፍቀው ሲያዩት ውስጡ ነጭ ከሆነ ይተዉት። የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ተጠማዝዘው የመጡትን ጥንድ ሽቦዎች ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፍቷቸው። የሁለቱም ዕቃዎች መሰኪያ ከ100 ሜጋቢት በላይ የሚችል ሆኖ፣ ሲሰኩት መብራቱ በርቶ ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ላይ ተቸክሎ ከቀረ ከ4ኛው፣ ከ5ኛው፣ ከ7ኛው ወይም ከ8ኛው አንዱ አልነካም፤ ጫፉን ቆርጠው እንደገና ይጨምቁት። ራውተሩ ላይ መጀመሪያ የመጣበትን የይለፍ ቃል መቀየርም ለነገ አይባልም።

ሱቁ የት ይከፈት?

የራስ ድረ ገጽ ለሆቴል፣ ለጨረታ ለሚወዳደር ድርጅት ወይም ውጭ አገር ለሚልክ ይጠቅማል። የምንጃር ጤፍ ወይም የደብረ ብርሃን ጋቢ ለሚሸጥ ሰው በየዓመቱ ለድረ ገጹ ስምና ለሚቀመጥበት ሰርቨር ከመክፈል በቀር ፋይዳው ትንሽ ነው። ምርጫው ከቲክቶክ፣ ከፌስቡክና ከቴሌግራም ነው። ቲክቶክ የማያውቅዎትን ሰው ያመጣል፤ ቪዲዮ ስለሆነ ግን የእርስዎንም የገዢውንም ዳታ ይበላል። ቴሌግራም ቻናል ደካማ ኔትወርክ ላይም ይከፈታል፣ ዋጋው በጽሑፍ ተፈልጎ ይገኛል፤ ሆኖም ሰው ራሱ ፈልጎ አይመጣበትም። ፌስቡክ መካከል ላይ ነው። የሚያዋጣው ቅንጅት በ720 ጥራት የ45 ሰከንድ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለጥፎ፣ የሳበውን ሰው ወደ ቴሌግራም መውሰድ፣ ዋጋ የሚቆረጠውን በስልክ መጨረስ ነው። ባና ሲለጥፉ ርዝመትና ወርዱን በሜትር፣ ክብደቱን በኪሎ ይጻፉ። «ስንት ነው?» የሚል 40 ጥያቄ የሚመጣው ዋጋ ስላልተጻፈ ነው፤ ዋጋ ደብቆ «ኢንቦክስ» ማለት ገዢን ያሸሻል።

ክፍያው በቴሌብር፣ በኤም-ፔሳ ወይም በባንክ ዝውውር ሊሆን ይችላል፤ ከዋጋው ይልቅ ደንበኛዎ የሚጠቀምበትን ይያዙ። ዕቃውን በሚኒባስ ከመጫንዎ በፊት ግን ገዢው የላከልዎትን የክፍያ ስክሪንሾት አይመኑ፤ ሥዕል በደቂቃ ይሠራል። አጭር መልእክትም ይጭበረበራል፤ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 እንጂ ከመደበኛ ስልክ ቁጥር አይደለም። መተግበሪያውን ከፍተው ወይም *127# ደውለው ቀሪ ሂሳብዎ መጨመሩን ይዩ፣ የግብይት ቁጥሩን ከገዢው ጋር ያመሳክሩ። ኔትወርክ ጠፍቶ ማየት ካልቻሉ ዕቃው ለሚቀጥለው መኪና ይቆይ፤ እውነተኛ ገዢ ግማሽ ሰዓት ይታገሳል።